የሰባት ቁጥሩ እንግዳ

ጉም ወደቡን ውጦ መርከብ ሲያጓራበት፣
በኩሺሮ ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ኋላ፣ መብራት በሳሳበት፣
እኔ ነኝ ባንኮኒው፤ ቁልፍ አቀብላለሁ፣
ማይክ በአልኮል ጠርጌ ደቂቃ እቆጥራለሁ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ መልስ ሰዓት
አቶ ቶኩሚትሱ ይመጣሉ በርጥብ የዝናብ ኮት፤
ከዓሣ ማሸጊያው፣ ጨው ጨው እየሸተቱ፣
ሰባት ቁጥር ብቻቸውን ገብተው፣ እስኪመሽ በማሽን ሲረቱ።

አምና በዓመት መዝጊያ፣ ሠራተኛው ሞልቶ፣
ሰባ አንድ ሰጣቸው መሣሪያው አስልቶ።
አጨበጨቡላቸው።
ቁጥሩስ ባልከበደ፤ ያ ጭብጨባ እንጂ፣
የጓንት ውስጥ ጭብጨባ፣ ድምፁን ቆጥቦ ሰጪ፣ አንጀትን ግን ፈጂ።

አንድ ማታ ሂሳብ ሊከፍሉ ቆሙና፣
ሳንቲም እየቆጠሩ ዐይናቸውን ሰበር አደረጉና፣
"ለወንድ ጉሮሮ፣ እንደኔ ሻካራ፣
ነጥብ የሚሰጥ ዘፈን የትኛው ይሆን?" አሉኝ፣
ደረቴ ላይ የተጻፈውን 'ሂዋታሺ' ሳይጠሩ፣
ለሐኪም በሚነገር ድምፅ፣ ሰው ይሰማኛል ብሎ በፈራ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በግድግዳ ሰምቼ
የያዝሁትን ሁሉ ነገርኋቸው፣ ባንኮኒው ላይ እንደ ጨርቅ ዘርግቼ፦

"ዘፈን እንደ ሱሪ በወገብ ይለካል፤
ጎረምሳን አይቶ ጣራ ልንካ ያለ፣ ሱሪ ባንገት ብሎ ድምፁ ይቀደዳል።
የሚወዱትን ትተው የሚወድዎን ይያዙ፤
ማሽን ልብ አያውቅም፤ ለመስመሩ ይታዘዙ።
ዝግ ያለ ይሁን፣ ቃሉ ያልበዛበት፣
አምስት ስድስት ኖታ ወጥቶ የሚወርድበት፣
ከልጅነት ጀምሮ ጆሮዎ የሚያውቀው፣
ሰክረው እንኳ ቢሄዱ እግርዎ የማይስተው።
ስንኙ ሲያልቅ ድምፅዎን ጫፉ ላይ ያርግቡ፤
ማሽኑ ይወደዋል፤ ለምን ብለው ግን እንዳያስቡ።
ማይኩንም አይዋጡት።"

"እሺ" አሉ። ጻፉት፣
የዓሣ ሣጥን ምልክት በሚደረግበት ወፍራም ብዕር፣ መዳፋቸው ላይ።

ሦስት ማክሰኞ አለፈ። ሰባ ዘጠኝ። ሰማንያ ሦስት።
ሰማንያ ሦስት እንደገና።
በአራተኛው፣ ስለ አንድ ጀልባ ደወል፣ እንቅልፍ የሚያመጣ ዜማ አገኙና፣
ሻይ ላደርስ ስገባ
ስክሪኑ ርችት ተኩሶ "ዘጠና አራት!" ብሎ ይጮሃል፤
እሳቸው ግን ደረሰኝ እንደሚያነብ ሰው ቆመዋል።
"ዘጠና አራት!" አልሁ እኔም።
"አዎ" አሉ። "ለመሆኑ ዘፈኑ ምን ይላል?"

በታኅሣሥ ድግሱ፣ እዚሁ ትልቁ ክፍል፣
ዘጠና አንድ አመጡ፤ ሥራ አስኪያጁን በለጡ፤ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ድል።
ጭብጨባው ግን ያው ነው።
ያው ጓንት፣ ያው ልስላሴ።
ትሪ ይዤ ከበሩ ሆኜ አየኋቸው ሲስቁ፣
ብቻቸውን፣ ከልብ፣ ዕዳ ከፍሎ እንደወጣ ሰው።

በቀጣዩ ማክሰኞ፣ ያው ሰዓት፣ ያው ኮት፣
"ነጥብ የማይቆጥር ክፍል የላችሁም?"
ገመዱን ነቅዬ ሰባት ቁጥርን ሰጠኋቸው።

ያችኑ የሰባ አንዷን፣ ጣራ የምትነካዋን፣
መረብ ጎታች ልጅ ሳሉ መርከብ ላይ የለመዷትን፣
ጀመሩ። ከሁለተኛው ስንኝ ድምፃቸው ተሰነጠቀ፤
አላቆሙም፤
ከስንጥቁ ውስጥ ሌላ ድምፅ ወጣ፣ የሃያ ዓመት ልጅ፣ ብርድ የመታው።
ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ ልል ነበር፤
ድሮም ቀዝቃዛ ነው።

እሳቸው ሲዘፍኑ መወልወያ ያዝሁ፤
ኮታቸው ከበር እስከ ባንኮኒው ነጠብጣብ ትቷል።
ጎንበስ ብዬ ቆጠርሁት፦
ሰባ አንድ።

ውሸቴን ነው። አልቆጠርሁት።